ፖሊስ በር ሲያንኳኳ፦ ከጅማ የተላኩ ጥያቄዎችና መልሶች

ጅማ ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር ስሰጥ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ስለ ብርበራና ስለ ፖሊስ ምርመራ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። የምመልሰው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥትና ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተነስቼ ነው።

ከሄርማታ፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ ፖሊሶች መጥተው ቤት እንፈትሽ አሉን። ወረቀት አላሳዩንም። እምቢ ማለት እንችል ነበር?

በመርህ ደረጃ አዎ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤትህን፣ ሰውነትህንና ንብረትህን ከፍተሻ ይጠብቃል። ፖሊስ የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ ይዞ መምጣት አለበት። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ነገር መያዝ አይፈቀድም። ሰዓትም ተወስኗል፤ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ያለ ማዘዣ የሚፈተሽበት ሁኔታ ጠባብ ነው። አንደኛው ተጠርጣሪው እየተሳደደ ቤት ሲገባ ወይም ዕቃ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ መደበቁ ተጠቁሞ፣ ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው።

ግን ልብ በሉ፤ በር ላይ አትታገሉ። ጎረቤት እየሰማ "ማዘዣ ካላሳያችሁኝ ፈቃደኛ አይደለሁም" በሉና መንገድ ልቀቁ። ሲፈትሹ አብራችሁ ግቡ። የተያዘውን ዕቃ ዝርዝር ሳታነቡ አትፈርሙ። ባዶ ወረቀት ላይማ በፍጹም።

ከአጂፕ፣ የባጃጅ ሹፌር፦ ሁሌ የምንቆመው እኛ ነን። በአነጋገሬ ብቻ "ከየት ነህ? ውረድ" ይሉኛል።

ወንድሜ፣ አንቀጽ 25 በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትም ሆነ በሀብት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ጥርጣሬ ከድርጊት ይነሳል እንጂ ከአነጋገር አይነሳም። ሌላ ክልል የተሰጠ መታወቂያ መያዝም ወንጀል አይደለም፤ በአገሩ የመዘዋወር መብት አንቀጽ 32 ላይ ተጽፏል። በተደጋጋሚ ከደረሰብህ ቀኑን፣ ቦታውንና የፖሊሱን መለያ ቁጥር መዝግብ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታህን እዚያ ማቅረብ ትችላለህ።

ስልኬን ክፈቺ ቢሉኝስ?

አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠብቃል። ማዘዣ ጠይቂ።

ሴትን ወንድ ፖሊስ መፈተሽ ይችላል?

አይችልም። የሰውነት ፍተሻ የሚያደርገው ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ፆታ ያለው ሰው ነው።

ከኮቺ፣ አንዲት እናት፦ ልጄን ዓርብ ጠዋት ያዙት። ሰኞም ፍርድ ቤት አላቀረቡትም። "ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም" አሉኝ።

እናቴ፣ ሕገ መንግሥቱ እንደዚያ አይልም። አንቀጽ 19 የሚያዘው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብ ነው። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ተይዞ ደግሞ የምን ጉዞ አለ? ጊዜው ካለፈ "ከሕግ ውጭ የተያዘው ልጄ አካሉ ነፃ ይውጣልኝ" የሚል አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ይህ በሕግ የታወቀ መንገድ ነው፤ ብቻዎን አይግቡበት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ያግዝዎታል። እስከዚያው ልጅዎን የማየት መብት አለዎት። አንቀጽ 21 የቅርብ ዘመድ፣ ጠበቃ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አማካሪ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል።

ተማሪ ነኝ። ፊልም ላይ ፖሊስ "ዝም የማለት መብት አለህ" ይላል። እኛ ጋ አለ?

አለ፤ በሕገ መንግሥታችን ውስጥ ተጽፏል። አንቀጽ 19 እንደሚለው፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለት እንደሚችል፣ የሚናገረውም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ማወቅ አለበት። ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ሰው ተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። አማርኛ የማይሰማም እንደዚያው።

ሥነ ሥርዓት ሕጉ ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንም ይከለክላል። "እመን፣ ዛሬውኑ ትለቀቃለህ" ብሎ ማማለል ሕገወጥ ነው። በኃይል የተገኘ ቃል ደግሞ በማስረጃነት አይቀበሉትም። ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው። ተደብድቦ ያምናል፤ ከዚያ ዳኛ ፊት ቀርቦ "በፈቃድህ ነው?" ሲባል ፈርቶ "አዎ" ይላል። ያቺ "አዎ" በኋላ በቀላሉ አትነሳም። ዳኛው ፊት በቀረብክ ጊዜ ተናገር፣ ቁስልህን አሳይ፣ ሐኪም ይየኝ በል፣ በመዝገብ ይጻፍልኝ በል።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ይቀራል?

ሁሉም አይቀርም። የቤት ፍተሻ ጥበቃ ሊታገድ ይችላል። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 ግን በአንቀጽ 93 መሠረት አይነኩም። ድብደባ በማናቸውም ጊዜ ክልክል ነው።

ያለ ማዘዣ ተፈትሾ የተገኘ ዕቃ ማስረጃ ይሆናል?

ይህ ያናድደኛል። ሕገ መንግሥቱ በግልጽ "ተቀባይነት የለውም" የሚለው ተገድደው ለሰጡት ቃል ነው። በሕገወጥ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ተመሳሳይ ግልጽ ድንጋጌ የለም፤ እኔ ይህን ትልቅ ክፍተት አድርጌ ነው የማየው። ቢሆንም ተቃውሟችሁን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ አስመዝግቡ፤ የፈታሹን አካሄድ ጠበቃችሁ በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲያወጣው የተፈተሸበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ስጡት።