የአያቴን ጠገራ ብር ላጽዳው?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ነኝ። ሐረር የኖሩት አያቴ ሁለት የጠቆሩ ብሮች ትተውልኛል፤ አንደኛው 1780 የሚል ጠገራ ብር፣ ሌላው የአፄ ምኒልክ አንድ ብር ነው። በሎሚና በአመድ አጥቤ ሳንቲም ማሰባሰብ ልጀምር አስቤአለሁ። አንድ ነጋዴ ጠገራው ከ240 ዓመት በላይ ስላስቆጠረ እጅግ ውድ ነው ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እባክዎ ሎሚውንም አመዱንም ያስቀምጡ። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ቀጭን ሽፋን እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ አመድ ፊቱን በጥቃቅን ጭረት ይሞላዋል፣ የሎሚው አሲድም ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ ይበላል፤ ሰብሳቢ ደግሞ የተፈተገ ሳንቲምን በአንድ እይታ ይለያል። አፈር ከያዘ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ እያደረጉ ያድርቁት።

የነጋዴው አነጋገር ግን ያሳስበኛል። 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ምስላቸው በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠገራ ብር በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት እንደያዘ በብዛት ተመትቷል፤ ስለዚህ የእርስዎ ብር ከአያትዎ ዕድሜ ላይበልጥ ይችላል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ንጹሕ ብሩም 23.4 ግራም ያህል ስለሆነ፣ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝነው የዕለቱን የብር ማዕድን ዋጋ ቢያሰሉ ከዚያ በታች እንዳይሸጡት ይረዳዎታል። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚሉ የላቲን ቃላት ከፍ ብለው መታየት አለባቸው፤ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ፊቱም ላይ የአየር ቀዳዳ ይታያል።

የምኒልኩ ብር የያዘው ንጹሕ ብር ከጠገራው ጋር ወደ እኩል ቢጠጋም፣ በፓሪስ በተወሰኑ ዓመታት ብቻ ስለተሠራ ሰብሳቢዎች የበለጠ ይፈልጉታል። ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ያንብቡት፤ ፲፰፻፹፯ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ነው። የአንበሳውን ጋማና የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ሳይጠፋ የቀረ ብር ዋጋው ከፍ ይላል።

ጀጎል ውስጥ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ያየሁት ጠገራ ከእቴጌይቱ ራስ በላይ የማንጠልጠያ ብየዳ ጠባሳ ነበረው፤ ሴቶች በአንገት ጌጥነት አድርገውት ኖረዋል። ጠባሳው ለሰብሳቢ ዋጋ ይቀንሳል፤ እኔ ግን የሐረርን ታሪክ ከተሸከሙት ምልክቶች አንዱ ነውና ባይሞረድ እመርጣለሁ።

ሲይዙት ጠርዙን ብቻ ይያዙ፤ ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ አያቆዩት፣ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ሁለቱን ለየብቻ በወረቀት ፖስታ ጠቅልለው እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ያኑሩ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለመላክ ካሰቡም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት የተከለከለ ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የአያትዎን ሣጥን ደግመው ይፈትሹ። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባል በዓረብኛ የተጻፈበት ትንሽና ስስ ሳንቲም ያሠሩ ነበር፤ እንደ ልብስ ቁልፍ ተራ ነገር መስሎ በጨርቅ ቋጠሮ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።