መልስ፦ ማራቶን ሊደርስ ሲል ሯጮች ይለማመዳሉ ወይስ ያርፋሉ?

ወንድሜ፣ «እነ ትዕግስት አሰፋ በርሊንን የመሰለ ማራቶን ከመሮጣቸው በፊት ባለችው ሳምንት ምን ይሠራሉ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ይሮጣሉ፤ ግን በጣም ቀንሰው። ከባዱ ልምምድ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና እንጦጦ ላይ አልቋል። ቀለል ያለ ሶምሶማና ጥቂት አጫጭር ፈጣን ሩጫ ይበቃል።

ምግቡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንድ ሁለት ቀን ሲቀር ሩዝ፣ ፓስታና ዳቦ ይበዛል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ8 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ቢያንስ 400 ግራም ማለት ነው። ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ውሃ ስለሚይዝ ሚዛን ላይ ትንሽ ጭማሪ ይታያል። አትደንግጥ፣ የሚጠበቅ ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ግን ይቅር።

ከዚያ የውድድሩ ሕጎች ለሯጮች የሚነገሩበት የቴክኒክ ስብሰባ አለ። ጫማም የራሱ ሕግ አለው፤ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን የኮዳዎቹ ነገር ነው። ሯጯ የራሷን መጠጥ በየኮዳው ትሞላለች። ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛዎቹ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ስለሚቀመጡ የትኛው የት እንደሚሄድ ትጽፍበታለች። ከሩቅ እንድትለየው ደማቅ ፕላስተር ትጠቀልልበታለች፤ አንዳንዷ መያዣ ጆሮ ትሠራለታለች። ትዕግስት እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2፡11፡53 ነው የገባችው። በዚያ ፍጥነት እየሮጡ ኮዳ ማንሳት ቀላል እንዳይመስልህ!

አንተም ልትሮጥ ከሆነ፣ በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጥርህ አትጨነቅ። ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች ግን በደንብ ተኛ።