ኮዱን ከማስኬዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ብርሃን ቁስ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬም አልጠገብኩትም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልምከራችሁ። ኮድ፣ ማለትም ይህን የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ከማስኬዳችሁ በፊት መልሱን በወረቀት ገምቱ። ዛሬ ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ቁጥር ማውጣት ቀላል ሆኗል። ቁጥሩን ማመንና አለማመን ግን የእናንተ ፈንታ ነው።

ሲሊከንን ውሰዱ። የኃይል ክፍተቱን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ከተያዘበት ተላቆ እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ትንሹን ኃይል፣ በተለመደው የዴንሲቲ ፈንክሽናል ዘዴ፣ ማለትም የቁስን ባሕርይ ከኤሌክትሮኖቹ ጥግግት ተነስቶ በሚያሰላው ዘዴ፣ አስሉት። 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሰጣችኋል። ሲለካ ግን 1.1 ነው። ግማሽ ያህሉ የት ገባ? ኮዱ አልተበላሸም። ዘዴው የተሠራው ኤሌክትሮኖቹ ረግተው ሲቀመጡ ያለውን ለማስላት ነው፤ ብርሃን መጥቶ ሲያስነሳቸው የሚሆነውን ለመናገር አይደለም። ይህን ያላወቀ ተማሪ ያንኑ ቁጥር አሳምሮ ግራፍ ላይ ያሰፍረዋል። ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሲሆን ሳይ አዝናለሁ።

ወረቀት የት ድረስ እንደሚያደርስ ደግሞ ግራፊን ያሳያችኋል። ውፍረቱ አንድ አተም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን ይውጣል? ብርሃን ከኤሌክትሮን ጋር የሚገናኝበትን ጥንካሬ የሚናገረው የተፈጥሮ ቁጥር ከ137 አንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፓይን ለ137 አካፍሉ፤ 2.3 በመቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲለካም ያው ሆነ። አንድ አተም የሚያህል ስስ ነገር በባዶ ዓይን ይታያል ማለት እኮ ነው!

ከሚለኩት ሰዎች ጋርም ተቀመጡ። ናሙናው እንዴት እንደተሠራ ጠይቋቸው። ሰማያዊው ኤልኢዲ ለዓመታት ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኤልኢዲው በሚሠራበት ጋሊየም ናይትራይድ በተባለ ቁስ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚጨመረውን ማግኒዚየም፣ ሃይድሮጅን እየያዘ ሥራ ስለሚያስፈታው ነበር። የጃፓን ተወላጁ ሳይንቲስት ናካሙራ ናሙናውን አሙቆ ሃይድሮጅኑን አስለቀቀ፤ ከሳይንቲስቶቹ ከአካሳኪና ከአማኖ ጋርም እ.ኤ.አ. የ2014ን የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ንጹህ ክሪስታል ብቻ የሚያሰላ ሰው ያን ሃይድሮጅን ከየት ያየዋል?

ስለ ሥራ የምትጨነቁ አላችሁ። ሁላችሁም ፕሮፌሰር አትሆኑም፤ ቦታው ጥቂት ነው። ግን ገምቶ የሚያሰላና ኮድ የሚጽፍ ሰው ሌዘር፣ ቺፕ ወይም የፀሐይ ኃይል ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ይፈልጉታል። ስለዚህ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ ቢያንስ አንዱን ፕሮግራም ከባዶ ተነስታችሁ ራሳችሁ የምትጽፉበትን ምረጡ።