ሌንሱን ከመሸጥህ በፊት ፊልተሩን ፍታው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካኖን ካሜራህ ላይ 70-300 ሌንስ (ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር ሩቁን የሚያቀርብ) ገጥመህ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚሮጡትን ስታነሳ፣ 300 ላይ ሁሉም ነገር ጥላ እንደተከተለው ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣብሃል። 70 ላይ ግን ደህና ነው። «ሌንሱ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ላሠራው ወይስ ልሽጠው?» ነው ያልከው። እባክህ አትቸኩል። እኔ በዚሁ ነገር ሁለት ወር ተሰቃይቻለሁ፤ ምንም ላልሆነ ሌንስም የጥገና ገንዘብ ከፍያለሁ።

የእኔ የጀመረው ፒያሳ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ቆሜ የአፄ ምኒልክን ሐውልት በ300 ሳብኩት። ካሜራው ጀርባ ላይ ቆንጆ ነበር። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው የፈረሱ ልጓም ሁለት ሆኗል። ዋናው መስመር አለ፤ ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሌላ መስመር አለ። የንጉሡ ዘውድ ጠርዝም እንደዚያው። ሌንሱን ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። «ውስጡ ይጽዳ» ተባልኩ፣ ከፈልኩ፣ ተቀበልኩ። ልጓሙ አሁንም ሁለት ነው። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፤ ያን ሌንስ ለመግዛት ስንት ጊዜ እንደቆጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መፍትሔው የመጣው በአጋጣሚ ነው። ሌንሱ ፊት ላይ የገጠምኩት ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱን እንዲከላከል የሚታሰር ስስ መስታወት) አቧራ ጠጥቶ ነበርና ፈትቼ ጠረግኩት። ኪሴ ከትቼው ሳልመልሰው ረሳሁ። ከዚያ ዛፍ ላይ ያረፈ ጭልፊት አገኘሁና አነሳሁት። ስመለስ ሳየው ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል! መጀመሪያ አላመንኩም። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀመጥኩ፣ ላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ጀርባ ስክሪን በቀጥታ የሚያሳየውን) ከፈትኩ፣ 10 እጥፍ አጉልቼ ሩቅ ያለ የመብራት ሽቦ ላይ ፎከስ አደረግኩ። ያለ ፊልተር ሽቦው አንድ ነው። ፊልተሩን ስመልሰው ሁለት። ፊልተሩን በቀስታ ሳዞረው ደግሞ ያ ሁለተኛው መስመር አብሮ ዞረ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊልተር መስታወት ሁለቱ ገጾቹ ፍጹም ለጥ ያሉና ትይዩ መሆን አለባቸው። ርካሹ ላይ ትንሽ ይዛነፋሉ። በ70 ያቺ መዛነፍ አትታይም። 300 ላይ ሌንሱ ሩቁን ነገር ሲያጎላ ስህተቱንም አብሮ ያጎላዋል። ያንተም በ70 ደህና ሆኖ በ300 መበላሸቱ ነው ፊልተሩን መጀመሪያ እንድጠረጥር ያደረገኝ። ፊልተር እንዳለህ አልጻፍክም፤ ግን እዚህ ከተማ ሌንስ የገዛ ሰው አብሮ ፊልተር ሳይሸጥለት የሚወጣ አይመስለኝም።

ፊልተር ከሌለህ፣ ወይ ፈትተኸውም ካልተስተካከለ፣ ፎቶው ራሱ ይነግርሃል። ደረጃው ጥርት ብሎ ሯጩ ብቻ ከሆነ የደበዘዘው፣ ሻተርህ (ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ለሩጫው ቀርፋፋ ነው። ደረጃውም ሯጩም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳቡ፣ በሚቀጥለው ፎቶ ደግሞ አቅጣጫው ከተቀየረ፣ የእጅህ መንቀጥቀጥ ነው። ካሜራህ አነስ ያለ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ከሆነ የካኖኑ 300 እንደ 480 ነው የሚያጎላው። ስለዚህ ቆሞ ላለ ነገር ሻተሩን ቢያንስ 1/500 ሰከንድ፣ ለሯጭ 1/1000 ያዝ። ጠዋት ብርሃኑ ገና ሳይጠነክር አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 ወይም 1600 ማድረስ ሊኖርብህ ይችላል፤ አትፍራው። ትንሽ ኖይዝ (ነጠብጣብ) ያለው ጥርት ያለ ፎቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ከደበዘዘው ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ትራይፖድ ላይም ሆኖ ሁለት ከሆነ የሌንሱን ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰውን) አጥፋው። ቆየት ያሉት ሌንሶች ትራይፖድ ላይ የሌለ እንቅስቃሴ እየፈለጉ ራሳቸው ያንቀጠቅጡታል። በጣት ከመጫን ይልቅም የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም።

ስለ መስቀል አደባባይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አስፋልቱ ይግላል፤ ከላዩ የሚነሳው ሙቅ አየር ምስሉን ያውለበልበዋል። የሰው ጠርዝ በጅረት ውሃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ይሆናል፣ እያንዳንዱ ቦታ በየፊናው ይዛባል። ይህን ሻተር አያስተካክለውም፣ የአንድ ሚሊዮን ብር ሌንስም አያስተካክለውም። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አንሳ፣ ወይም ቅረብ። እኔ ከ5 ሰዓት በኋላ እዚያ እንዲህ ያለ ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ አላወጣም። ከፎቅ ላይ ሆነህ በተዘጋ መስኮት ያነሳኸው ከሆነም መስታወቱ እንደ ፊልተሩ ነው፤ በተለይ በሰያፍ ካነሳህ። መስኮቱን ክፈተውና ሞክር።

የመጨረሻው ፎከስ ነው። የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ፣ በትራይፖድ፣ አንድ ጊዜ በቪውፋይንደሩ (ዓይንህን አስጠግተህ በምታይበት) አንድ ጊዜ በላይቭ ቪው አንሳው። በላይቭ ቪው ፊደሉ ጥርት ብሎ በቪውፋይንደሩ ከደበዘዘ፣ የሌንሱ መስታወት ደህና ነው፤ ፎከሱ ብቻ ነው መስተካከል ያለበት። በሁለቱም የገጹ አንድ ጎን ብቻ እየደበዘዘ ሌላው ጎን ደህና ከሆነ ግን ያኔ ውስጡ ያለ መስታወት ከቦታው ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከወደቀ ሌንስ የሚመጣ ነው። ጠጋኝ ዘንድ የሚኬደው ያኔ ነው፤ ሁለቱን የጋዜጣ ፎቶዎች ይዘህ ሂድ፣ «ውስጡ ይጽዳ» ሲሉህ ታሳያቸዋለህ።

አሁን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ነገ ጠዋት ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቅ አንድ በፊልተር፣ አንድ ያለ ፊልተር በ300 አንሳና ሻተሩን ጽፈህ ሁለቱንም እዚሁ ለጥፍልን። እስከዚያ ገዢ ቢመጣም እንዳትሸጠው።