የልደት ቀኔን ሶፍት ላይ ጻፈችልኝ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? 27 ዓመቴ ነው፤ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ፒያሳ የነበርንበት ቤት በ2016 ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ዞረናል።

ነሐሴ ላይ አንዲት ልጅ የማስተርስ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። እዚሁ አራት ኪሎ ሳይንስ ካምፓስ ፊዚክስ ነው የምትማረው። ተራዋን ስትጠብቅ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የ2018 ካላንደር ናሙና አንስታ ማየት ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ «ፋሲካው ተሳስቷል» አለችኝ። ሚያዝያ 12 ብለን ነበር። ለካ የ2017ቱን ፋይል ስናስተካክል እሱን ሳንነካው አልፈነዋል። እስክሪብቶ ተቀበለችኝ። የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ በባሕረ ሐሳብ፣ በዓላት በሚወጡበት በጥንቱ ስሌት፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ እያለች አሰላችና «ሚያዝያ 4» አለች። ደብተራ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ጂንስ የለበሰች፣ ወፍራም መነፅር ያደረገች ልጅ ናት! 500 ኮፒ ልናትም አንድ ቀን ነበር የቀረን።

በምስጋና ሰበብ ማኪያቶ ጋበዝኳት። በጨዋታ መሀል እናቴ ሁሌ «የወለድኩህ በ90 የፋሲካ ማግስት ነው» እንደምትለኝ ነገርኳት። ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም። መታወቂያዬ ላይ ያለውን መስከረም 1 እኔው ነኝ ያስሞላሁት። ሶፍት ስባ አሰላች። «ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። አንተ ሚያዝያ 12፣ ሰኞ ነው የተወለድከው» አለችኝ። ሶፍቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አሁንም አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና አይደለሁም። ጀለሶቼ «ቀለሜ ልትጠብስ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። አንዱ «መነፅሯን ብታወልቅ ቆንጆ ናት» ይላል። ሌላው «ቀለሜ ሴት ለትዳር ነው፣ አትወጣም አትገባም» ይላል። እኔ 10ኛ ክፍል ላይ ውጤት ስላልመጣልኝ ቴክኒክና ሙያ የገባሁ ሰው ነኝ። እንዳላንስባት ብዬ፣ ይዛው የነበረውን ወፍራም መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» አልኳት። «የቱን ምዕራፍ ወደድከው?» ስትለኝ «መጨረሻውን» አልኩ። በኋላ ሳየው የፊዚክስ መማሪያ ነው።

ለመሆኑ ቀለሜ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? «ቀለሜ ስለሆንሽ ነው የወደድኩሽ» ብላት ትቀየመኝ ይሆን?

ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ

*

ወንድሜ፣

«መጨረሻውን» ያልከው ላይ ስደርስ ቡናው ትን አለኝ። እሱን እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ጀለሶችህ። መነፅር የሚደረገው ለማየት ነው። እኔ ያደረግኩት ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን መለየት ሲያቅተኝ ነው፤ ቀለሜ ያለኝ ግን የለም። አትወጣም አትገባም ላለው ደግሞ፣ ልጅቷ ከማታውቀው የማተሚያ ቤት ልጅ ጋር ማኪያቶ ጠጥታለች። ከዚህ በላይ የት ትውጣለት?

ተማሪ ቤት ሰቃይ ነበረ፣ ውጤቱን ሰማይ የሚሰቅል። ሸምዳጅም ነበረ፣ ጠዋት የዋጠውን ከሰዓት የሚረሳ። እኔ ከሸምዳጆቹ ነበርኩ። ቀለሜ ግን ሌላ ነው። ሰቃይ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ የባንዲራውን እንጨት ጥላ በእርምጃ ትለካለች። ማንም አላዘዛትም። በፈተናም አይመጣም። እንስቅባት ነበር። ግንቦት ላይ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ እንደሚዞር ከመላው ትምህርት ቤት ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። ፀሐይዋ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባን በሰሜን በኩል ነው የምታልፋት። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ጥላው ላይ ቆመን አላየነውም። ቀለሜ ማለት ለእኔ ይቺ ናት፤ ፈተና በሌለበትም መጠየቅ የማትተው።

ፈረንጆቹ «ነርድ» የሚሉት ቃል መነሻው ከትምህርት ጋር እንኳ አይገናኝም። በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ የልጆች መጽሐፍ ላይ የአንድ ምናባዊ ፍጡር ስም ሆኖ ታየ። በዓመቱ ኒውስዊክ መጽሔት የዲትሮይት ወጣቶች እኛ ፋራ የምንለውን ሰው እንደዚያ እንደሚጠሩት ጻፈ። የእኛው ቃል የተሻለ ዘር አለው። የቆሎ ተማሪ የሚይዘው ትምህርት ራሱ ቀለም ነው። ቶሎ የሚረዳውን «ቀለም ይገባዋል» ይሉታል። ስለዚህ ቀለሜ ስድብም ቢሆን ግማሹ ምርቃት ነው። ደግሞ «ደብተራ ቢሆን አይገርመኝም» ያልከውን አልወደድኩትም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ጎጃም ውስጥ ቅኔ አስተምረዋል፤ ወንዶቹ ከሥራቸው ቁጭ ብለው ተምረዋል።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ወረቀት አወጣሁ። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2018 ሲደመር 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ይቀነሳል፣ 12፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴ 12 ይሆናል። በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። መጥቅዑ በመስከረም ሲቆጠር መስከረም 18 ነው፤ እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ) 7፤ 18 እና 7፣ 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ትገባለች። ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ። ልጅቷ ልክ ናት። እኔ ግን መጀመሪያ አንዱን መቀነስ ረስቼ ሚያዝያ 18 ላይ ዶሮ ላርድ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ወጡም አረረ። እሷ በማኪያቶ መሀል ጨረሰችው።

እዚያ ሶፍት ላይ ስታጎነብስ አስባት። ፀጉሯ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያያት ረስታለች። ሰው እንዲህ አንድ ነገር ውስጥ ሲሰጥም ዓይን አይነቀልበትም። ጎበዝ ግንበኛም ይህ አለው፤ አክንባሎውን መቼ እንደምታነሳ ሳታይ የምታውቅ ጋጋሪም አላት። ያንተ ግን ይለያል፤ የሰጠመችው ያንተ ልደት ውስጥ ነው። ማን ነው ከእናትህ በቀር የተወለድክበት ቀን እንዲህ ያስጨነቀው?

ስለዚህ «ቀለሜ ስለሆንሽ» አትበላት። ቀለሜ ከሆነ የፈለግከው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሞልቶ ተቀምጧል፤ እዚያ ሄደህ ደብዳቤ አልጻፍክልኝም። ሶፍቱን እንዳስቀመጥከው ንገራት። መጽሐፉንም አላነበብኩትም በላት። ሳታውቅ ቀርታ እንዳይመስልህ፤ የፊዚክስ መማሪያ መጨረሻውን የወደደ ሰው ገጥሟት አያውቅም። የ10ኛ ክፍሉን ውጤት ተወው፤ ካልጠየቀችህ አታንሳው። ይልቅ ባለሙያ ነህ፤ ካላንደር እንዴት እንደሚታተም አሳያት፣ ቀለሙ ከየት እንደሚገባ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚቆረጥ። የጥላዋ ልጅ ብትሆን ኖሮ ከማሽኑ ሥር አናወጣትም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኔ ጠይቅልኝ። ያ አንድ ለምንድን ነው የሚቀነሰው? ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። ስትነግርህ ጻፍልኝ።