ትሪገር ፊንገር፦ ጣቱ የሚቆለፍበት ይጠይቅ

ዶክተሩ፦ የእጅ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ስትጠይቁ የትኛው ጣት እንደሆነ፣ ከመቼ እንደጀመረና ስኳር እንዳለባችሁ ጻፉ።

ሰላም ለሁሉ፦ ዶክተር፣ ጣቴን ያመኛል። ምን ይሻለኛል?

ዶክተሩ፦ የትኛው ጣት? ከላይ ያልኩትን ያንብቡ።

ልብስ ሰፊው፦ የቀለበት ጣቴ ጠዋት ታጥፎ ይቀራል፤ በሌላው እጄ ስስበው ቀጭ ብሎ ይዘረጋል። ስቴሮይድ የሚባለውን የእብጠት ማብረጃ መድኃኒት ሁለቴ ተወግቼ ተመለሰብኝ። መዳፍ ሳይከፈት በመርፌ ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?

ዶክተሩ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! እውነት ነው፤ አዲስም አይደለም። ሎርትዋር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 በቀጭን ስለት ከቆዳ ሥር መሥራቱን ጽፏል። መርፌው በኋላ የመጣ ነው። ጣት የሚያጥፈው ጅማት ከጣቱ ሥር፣ መዳፍ ላይ፣ በጠባብ ቀለበት ያልፋል። ኤ1 እንለዋለን። ቀለበቱ ሲወፍር፣ ጅማቱም ሲያብጥ አላሳልፍ ይላል። የምንቆርጠው ቀለበቱን ነው፣ ጅማቱን አይደለም። ቦታውን ብቻ እናደነዝዛለን። የመርፌው ጫፍ እንደ ስለት ያገለግላል። ቀለበቱ ሲቆረጥ አሸዋ እንደመፋቅ ጭርር ሲል እጄ ላይ ይሰማኛል። ያ ሲጠፋ «በሉ ጣትዎን ይጠፉ፣ ይዘርጉ» እላለሁ። አሁንም ከተቆለፈ አልጨረስኩም ማለት ነው። ነቅተው መሠራትዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስፌት የለውም፤ ጣቱን የዚያኑ ዕለት ያንቀሳቅሱታል። ቀጥሎ ያለው ቀለበት፣ ኤ2፣ ግን አይነካም፤ እሱ ከተቆረጠ ጅማቱ እንደ ቀስት ገመድ ይወጠራል። እኔ ያለ አልትራሳውንድ አልጀምርም። በእጃቸው ዳብሰው የሚሠሩ ጎበዞች አሉ፤ አልጣላቸውም።

ጽጌ፦ አውራ ጣት ቢሆንስ?

ዶክተሩ፦ እዚያ ላይ ቆም በሉ። የአውራ ጣት አንዱ ነርቭ ቀለበቱ ላይ አግድም ይሻገራል፤ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። መርፌው ካገኘው ጣቱ ይደነዝዛል። እኔ አውራ ጣትን ከፍቼ፣ ነርቩን በዓይኔ እያየሁ ነው የምሠራው።

ቆራጡ፦ ኧረ እኔ በማሸት ድኛለሁ! ምን መርፌ ያስፈልጋል?

ጽጌ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ቀድሞውንም ተቆልፎ ነበር?

ቆራጡ፦ ትንሽ ይከብደው ነበር።

ጽጌ፦ በቃ፣ ሌላ ነገር ነው እንግዲህ።

ቆራጡ፦ አንቺ ሐኪም ነሽ?

ዶክተሩ፦ ጭቅጭቁን ተዉት። ቀላሉ በራሱም በማሰሪያም ሊሻለው ይችላል። ቀጣይ።

የልጅ እናት፦ የሁለት ዓመት ልጄ አውራ ጣት አይዘረጋም።

ዶክተሩ፦ የልጅ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በጊዜ ብዛት ይለቃል፤ ካልለቀቀ ተከፍቶ ይሠራል። በመርፌ አይሞከርም። ለሕፃናት አጥንት ሐኪም ያሳዩት።

ማሙሽ፦ ስኳር አለብኝ። መሃል ጣቴ ነው። ስቴሮይድ ልወጋ?

ዶክተሩ፦ ይቻላል። ግን ስኳር ባለበት ሰው ላይ ያን ያህል አይሠራም፤ ለጥቂት ቀናትም ስኳርዎን ከፍ ያደርገዋል። እየለኩ ይከታተሉ።

አዲስ ገቢ፦ ዶክተር፣ ሳይከፈት በመርፌ ይሠራል?

ዶክተሩ፦ ለልብስ ሰፊው መልሻለሁ። ወደ ላይ ይውጡ።

አዲስ ገቢ፦ አይቼዋለሁ። የኔ አውራ ጣት ስለሆነ ነው።

ዶክተሩ፦ ነርቩ! ለጽጌ የጻፍኩትንስ?