መልስ፦ ቨርችዋል ማሽኖቼ በዋይፋይ ለምን አይፒ አያገኙም?

ወንድሜ፣ ፕሮክስሞክስን (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ቨርችዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስኬድ ሥርዓት) አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭነህ ብሪጁን (ማሽኖቹን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን ቨርችዋል ስዊች) ከዋይፋይ ካርዱ ጋር አገናኝተሃል፤ ማሽኖቹ ግን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አላገኙም ብለሃል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የዋይፋይ ራውተሩ የሚያውቀው የላፕቶፕህን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቨርችዋል ማሽን ደግሞ የራሱ ማክ ስላለው፣ የሚልከው ሁሉ ተቀባይ አያገኝም። እኔም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኬብል መሳብ ከቻልክ ብሪጁን ከኬብሉ ካርድ ጋር እሰረው፣ አለቀ። ካልቻልክ ምንም ካርድ ያልተያያዘበት ሌላ ብሪጅ ፍጠርና 10.10.10.1/24 ስጠው። አይፒ ፎርዋርዲንግ (ላፕቶፑ ትራፊክን ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው እንዲያሳልፍ የሚያደርገውን ቅንብር) ክፈት። ከዚያ በአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል መሣሪያ) ማስከሬድ አድርገህ፣ ማለትም የማሽኖቹን ትራፊክ በላፕቶፑ አድራሻ ሸፍነህ፣ ወደ ዋይፋዩ አውጣው። ብሪጁ በራሱ ዲኤችሲፒ (አይፒ በራሱ የሚያድል አገልግሎት) የለውም፤ ስለዚህ ለማሽኖቹ አይፒውን በእጅህ ሙላላቸው። ጌትዌያቸው (ወደ ውጭ የሚወጡበት በር) 10.10.10.1 ነው። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን አገልግሎት አድራሻ) መሙላትም እንዳትረሳ፤ ወደ አይፒ የሚላክ ፒንግ (የግንኙነት ፍተሻ) እየሠራ ድረ ገጽ እምቢ ሲልህ ያን ጊዜ ነው ራስ የሚዞረው።